ደህና ቦታ የተቀመጠው የአደይ ካርድ

ለማከብርዎና ለምናፍቅዎ እናቴ ለወይዘሮ እህተ ማርያም፣
ካሉበት አዲስ አበባ ይድረስዎ።

እናቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንደምን ሆነ? ፋሻው ተፈታልዎ ወይስ ገና ነው? ሞራው ከተነሣ በኋላ ብርሃኑ አላስቸገረዎትም ወይ? ወገብዎስ፣ እንቅልፍዎስ፣ የከተማው ምግብስ ተስማማዎ ወይ? የአዲስ አበባ ብርድ ጧት ጧት ጉልበትዎን እንዳይዘው እሰጋለሁና ጋቢዎን ሳይደርቡ ለኪዳን እንዳይወጡ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም በሕይወት አለን። የአደይ አባት ደህና ነው፣ አደይም ደህና ናት፣ ላሚቱም በነሐሴ ወልዳለች። እኔ ግን፣ አልደብቅዎትም፣ ደህና የሆንሁት ከሦስት ቀን ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ስላጣሁት ጤና ከእርስዎ ጋር እንተሳሰባለን።

ይሄይስ ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ የምታነብላቸው አንተ ነህና አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። ይህኛው ያስከፋቸዋል ብለህ አንዲት መስመር እንዳትዘል። ተቆጥቼ የጻፍሁትን ተቆጥተህ አንብብ። ቀኑን ሙሉ በወረዳው መሥሪያ ቤት የሰው ማመልከቻና የአለቃ ትእዛዝ በጽሕፈት መኪና ስመታ የምውል ሴት ነኝ፤ ሰው የትኛውን መስመር እንደሚዘል አሳምሬ አውቃለሁ።

እናቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ አደይን አንደኛ ክፍል ላስመዘግብ ሰፈራችን ወዳለው ትምህርት ቤት ይዣት ሄድሁ። ዩኒፎርሟን አስቀድሜ አሰፍቼላት ነበርና ለምዝገባውም ለብሳው ሄደች። መዝጋቢዋ መምህርት ዓባይነሽ ትባላለች፤ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ የተናገረችውን ግን አትመልስም። የአደይን ስም፣ ዕድሜዋንና ያባቷን ስም ከጠየቀችኝ በኋላ የክትባት ካርዷን አምጪ አለችኝ። አምና ኩፍኝ ገብቶ ብዙ ልጆች ስለታመሙ ዘንድሮ ክትባቱን መጨረሱን የሚያሳይ ካርድ የሌለው ልጅ አይመዘገብም ተብሏል አለች። እናቴ ዘንድ ነው አልኋት። እንግዲያውስ እስከ መስከረም ስምንት አምጪው፣ ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ይዘጋል፣ ልጅቷም ለከርሞ ትቆያለች አለችኝ። እኔም ከሁለት ሳምንት የማያንስ ጊዜ አለኝ ብዬ እየሳቅሁ ወጣሁ።

የሳቅሁት ካርዱ እርስዎ እጅ መሆኑን ስለማውቅ ነው። አደይን እንደ አገሩ ወግ እርስዎ ቤት ወለድኋት። መሥሪያ ቤቱ ቡሬ ሲመድበኝም ለእርስዎ ትቻት ሄድሁ፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ እስክወስዳት፣ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ለክትባት አዝለው ወደ ጤና ኬላው የተመላለሱትም እርስዎ ነዎት። እርስዎ ደግሞ የጠፋ መርፌ እስኪገኝ ቤት የሚያስጠርጉ ሰው ነዎት። ካርድ ይጠፋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጳጉሜ ላይ ቴሌ ተሰልፌ ይሄይስ መሥሪያ ቤት ደወልሁ። ማታ ጠይቆዎት በማግስቱ መልስዎን ነገረኝ። ደህና ቦታ ነው ያለው፣ አትጨነቂ በላት ብለዋል። ደህና ቦታ! እናቴ፣ ደህና ቦታ የሚባለው የት ነው? ቀበሌው ስንት ነው? በየት በኩል ይገባል? እንደገና ደወልሁ። ነገሩ በስልክ የሚነገር አይደለም፣ ስመጣ እነግራታለሁ ብለዋል ተባልሁ። ቀጠሮዎ እስከ ጥቅምት ነው፣ መዝገቡ የሚዘጋው መስከረም ስምንት ነው፣ እርስዎ ስመጣ ይላሉ! ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል ዓይንዎን ተሠርተው ሆስፒታል ተኝተዋል አለኝ። እንግዲህ ዓይኑ የታሰረን ሰው ስለ ወረቀት አላስጨንቅም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያም ቴሌው በር ላይ ቆሜ አለቀስሁ፤ ከንዴት ነው እንጂ ከሐዘን አይደለም።

መስከረም ሁለት ቅዳሜ ጅጋ አጠገብ ወዳለው አገር ቤታችን ሄድሁ። ሳጥንዎ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ደግሞ ማተብዎ ላይ ታስሮ አዲስ አበባ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ጓጉንቸሩን በምሳር ጀርባ መትቼ ሰብሬዋለሁ፤ አዲስ ገዝቼ ሰቅዬበታለሁ። በዚያ ሳጥን ውስጥ ያልተቀመጠ ነገር የለም። አባቴ መሠረተ ትምህርት የጨረሰበት የምስክር ወረቀት አለ። የኔ የአራተኛ ክፍል ፈተና፣ ሒሳብ የወደቅሁበት ሳይቀር፣ አለ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመት የሆናት የዳማዋ በቅሎ የክትባት ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። የበቅሎዋ አለ፣ የልጄ የለም! ወረቀቱን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ለመምህርት ዓባይነሽ በቅሎዋን አስመዝግቢልኝ ልበላት?

ጎረቤትዎ ውቢት ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ቆማ ስታየኝ ዋለች። ያወጣሁትን ልብስ እያጣጠፈች መልሳ ትከትልኛለች። ምን እንደምፈልግ አልጠየቀችኝም፤ እኔም የቤት ነገር ነው ብዬ አልነገርኋትም። ይህን ልብ ብለው ይያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰኞ ትምህርት ተጀመረ። አደይ በነጋ ቁጥር ዩኒፎርሟን ትለብስና ደብተሯን ይዛ ትወጣለች። አልተመዘገብሽም፣ አትገቢም ብንላትም አትሰማም። የሰፈሩን ልጆች እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሸኛቸውና ደወል ሲደወል ብቻዋን ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ካርዴ እስኪገኝ በመስኮት በኩል ብማር ምናለበት አለችኝ። እናቴ፣ ይህን ሰምቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኝ?

የአደይ አባት ደግሞ ነገሩ ሲረዝምበት ባዶ ካርድ ያለው ሰው አውቃለሁ፣ ባንድ ጧት ያስሞላልናል አለኝ። እናቴ ልጄን አዝላ በጭቃ የተመላለሰችበት እውነተኛው ካርድ እያለ የውሸት አልይዝም አልሁት። እውነተኛው የት እንዳለ ንገሪኛ አለኝ። ደህና ቦታ ነው ልበለው?

እንደገና ትከተብ ብዬም እዚህ ጤና ጣቢያ ጠይቄ ነበር። ከፊተኛው ጤና ኬላ ማስረጃ አምጪ ተባልሁ። ያ ጤና ኬላ ከተዛወረ ቆይቷል፣ መዝገቡም አብሮ ሄዷል፣ ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም። በመጨረሻ አደይን የከተባት ወልደ ዮሐንስ ቡሬ ተዛውሮ እንደሚሠራ ሰማሁና ረቡዕ ከሥራ ቀርቼ ቡሬ ወረድሁ። ስምዎን ስጠራለት ፊቱ በራ። ዝናብ ሳይሉ፣ ጭቃ ሳይሉ ከቀጠሮ ቀን አንድም ያላጎደሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እንዴት እረሳቸዋለሁ አለኝ። ካርዱ በእጄ የተሞላ ነው፣ ከጀርባውም የጻፍሁት አለ፣ ስታገኚው ታይዋለሽ አለ። ያለ መዝገብ በትዝታ ማስረጃ እንደማይጽፍ ግን ቁርጡን ነገረኝ። ልወጣ ስል አንድ ነገር ጨመረልኝ። አደይ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ኩፍኝ መንደሩ የገባ ጊዜ ካርዱን ይዘው በእግርዎ እሱ ዘንድ መጥተው ልጅቷ ትያዛለች ወይ ብለው ጠይቀውት ነበር። ተከትባለችና አይዞዎት አልኋቸው፣ እሳቸው ግን ካርዱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር የሄዱት አለኝ።

ሐሙስ እንደገና አገር ቤት ገባሁ። መዝገቡ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል። ውቢትን ከወንዝ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አገኘኋትና ተስፋ ቆርጬ ሁሉንም ነገርኋት። እንስራዋን ሳታወርድ፣ እንዴ የልጅቷን ወረቀት ነው እንዴ የምትፈልጊው፣ እሱማ ለማርያም ተሰጥቷል፣ የኅዳር ማርያም ዕለት እናትሽ ስለታቸውን ሲያገቡ እልል ያልሁት እኔ ነኝ አለችኝ። ታዲያ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ስገለብጥ አጠገቤ ቆመሽ ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ ማርያም የገባ ነገር ሳጥን ውስጥ ይፈለጋል ብዬ በምን ልጠርጥር አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

እናቴ፣ ሰው ለስለት ጥላ ይሰጣል። መጋረጃ ይሰጣል። ጧፍ ይሰጣል፣ ዕጣን ይሰጣል፣ የባሰበትም በሬ ይሰጣል። የክትባት ካርድ ለታቦት የሰጠ ሰው ከጅጋ እስከ መራዊ ቢፈለግ ከእርስዎ በቀር የሚገኝ አይመስለኝም። ይህንን ነው በስልክ አይነገርም ያሉኝ?

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ወደ ቄስ ክንፈሚካኤል ሄድሁ። ዕቃ ቤቱን ከፍተው ካርዱን በነጭ ጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ከጥላዎቹ ሥር አወጡና ከሩቅ አሳዩኝ። እጄን ብዘረጋ መልሰው ወደ ደረታቸው ያዙት። ለእመቤታችን የገባ ንብረት ተመልሶ አይወጣም፣ በእኔ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም አሉ። ለመንኋቸው። ነገ መዝገብ ይዘጋል አልሁ። እግራቸው ላይም ወደቅሁ። እሳቸውም ሰጪዋ ራሳቸው ሳይኖሩ እንዴት አድርጌ አሉ። በዚያን ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እመቤታችን አንደኛ ክፍል አትመዘገብ፣ ይህ ካርድ ምን ያደርግላታል አልኋቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነበርሁ። ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥሁና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ቄስ ክንፈሚካኤል አልተቆጡም። ታቦት እንኳ ለጥምቀት ይወጣል፣ የሚወጣው ግን ብቻውን አይደለም፣ ይመለሳልም፣ ካርዱም ከእኔ ጋር ወጥቶ ከእኔ ጋር ይመለሳል፣ በሌላ ሰው እጅ ግን አይገባም አሉ። ነገ በጧት ጅጋ መኪናው ዘንድ ጠብቂኝ ብለው አሰናበቱኝ።

አርብ ጧት ቄሱ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጥላ ዘርግተው መጡ። ካርዱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ተጠጋጋላቸው። አንዲት ሴት ጨርቁን አይታ ምን ይሆን ብላ ሳትጠይቅ ጎንበስ ብላ ተሳለመችው። ከኋላ የነበሩትም እሷን አይተው ተሳለሙ። የክትባት ካርድ ነው ብዬ ልናገር አልሁና እንደ ቅዳሜዋ ውቢት አፌን ዘጋሁ። ከሣቅና ከዕፍረት መካከል ሆኜ ፍኖተ ሰላም ደረስን።

በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ያለው ወላጅ ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። መምህርት ዓባይነሽ ተነሥታ መስቀል ተሳለመች። ቄሱ ጨርቁን ፈተው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ሳያስቀምጡ በእጃቸው ይዘው አስነበቧት። እሷም አንገቷን አስግጋ አነበበች። ሁሉም ሞልቷል፣ የኩፍኙም ከነቀኑ አለ አለች። ከዚያ ጀርባውን እንዲያዞሩላት ጠየቀቻቸው። አዞሩ። የወልደ ዮሐንስ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ስም ብቻ። ፋና። አምላኩ። መምህርት ዓባይነሽ ብዕሯን አነሣችና፣ እነዚህ ሁለቱ ልጆችስ ስንተኛ ክፍል ናቸው፣ የት ነው የሚማሩት አለችኝ።

ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች እንደ ሞቱብዎ አውቃለሁ። ስማቸውን ግን በቤታችን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ሴትና ወንድ መሆናቸውንም አላውቅም ነበር። ቄስ ክንፈሚካኤል ናቸው የመለሱላት። ኩፍኝ ባንድ ሳምንት የወሰዳቸው የዚህች የልጅቷ እናት ወንድምና እኅት ናቸው፣ ያጠመቅኋቸውም እኔ ነኝ፣ የቀበርኋቸውም እኔ ነኝ አሉ። መምህርት ዓባይነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። መምህርቷም ብዕሯን መልሳ አንሥታ የአደይን ስም መዝገቡ ላይ ጻፈች።

ስንወጣ ቄሱ የቀረውን ነገሩኝ። ያን ጊዜ መንደሩ የገባው ኩፍኝ አደይን ካለፋት ብለው ተስለው ኖሮ፣ የኅዳር ማርያም ዕለት ካርዱን ሲሰጧቸው፣ ይህ ነገር ለሁለቱ አልደረሰላቸውም፣ ስማቸው እንኳ ይድረስበት ብዬ አጽፌዋለሁ፣ ሦስቱንም እመቤቴ ትጠብቅልኝ ብለዋቸዋል። ሁለቱን ኩፍኝ ሲወስዳቸው እኔን እርጉዝ እንደ ነበሩም ነገሩኝ። ሁለቱን ቀብረው እኔን ወልደዋል። እናቴ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበኩር ልጅዎ ነኝ እያልሁ ሳወራ ሲሰሙኝ ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም በይ አላሉኝም?

አሁንም ተናድጃለሁ። ንዴቴ አልበረደም። ካርዱን ለማርያም መስጠትዎን ይቅር ብያለሁ፤ ቦታውን ስላልነገሩኝ ግን ልጄ አንድ ዓመት ሊቃጠልባት ነበር፣ እኔም ልታመም ነበር፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም የማይባል ነገር ብዬ አሁን ንስሐ ገብቻለሁ። ሰው ስለቱን ለልጁ ቢናገር እመቤታችን ትቆጣለች ያለዎት ማነው? እርስዎ ያዘኑትን ሐዘን ብቻዎን መያዝዎ ከካርዱ ይልቅ አናዶኛል። ይሄይስ፣ ይህችን መስመር ደግመህ አንብብላቸው።

አደይ ከአርብ ጀምራ ክፍል ገብታለች። ማታ ከአባቷ ጋር ስናወራ ሰምታ ኖሮ፣ ፋና ዩኒፎርም ነበራት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልነበራትም አልኋት። ከዚያ ወዲያ ፀጉሯን ስጎነጉን አመሸሁ።

ለመስቀል ባይደርሱልንም ዓይንዎ ድኖ ለኅዳር ማርያም እንጠብቅዎታለን። ያን ዕለት አብረን እንሄዳለን፤ ስለ ፋናና ስለ አምላኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነግሩኛል፣ እኔም እሰማለሁ። ዓይንዎን በየጧቱ ለምትጠርግልዎ ለይሄይስ ባለቤት ለሰውነት፣ የወንድሜ ሚስት ሳትሆን የእናቴ ልጅ ሆናለችና እጅዋን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ልጆቻቸውንም አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ይሄይስ ወንድሜ፣ አንተንም ስልክ ላነሣህልኝና እናቴን ለጠየቅህልኝ ሁሉ አመሰግንሃለሁ፤ ደህና ቦታ ነው ብለህ መልእክት ስታመጣ የት ነው ብለህ አለመጠየቅህን ግን አልረሳውም። ውቢት ሰላም ብላዎታለች፤ የአደይ አባትም ጉልበትዎን ይስማል። አደይ እማዬ ትልዎታለች፤ ጎኔ ቁጭ ብላ መቼ ትጨርሺዋለሽ እያለች ነው።

ካርዱን ቄስ ክንፈሚካኤል እዚያው ዕለት በነጩ ጨርቅ ጠቅልለው መልሰው ወስደውታል። እስከ ጅጋ ሸኘኋቸው። አይስጉ እናቴ፣ ሦስቱም ደህና ቦታ ናቸው።

ልጅዎ ያምሮት
ፍኖተ ሰላም
መስከረም 11 ቀን 1996 ዓ.ም.